ስኂን የምትባል ልጅ ታውቃላችሁ? ስለ ስሙ ትርጉምና አመጣጥ ከደሴ የቀረበ ጥያቄ

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁም። የምጽፈው ከደሴ ነው። ቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ።

ደሴ ተወልዶ ስኂን የሚለውን ስም ያልሰማ የለም። የምንሰማው ግን እንደ ቦታ ነው። ስኂን ተማርኩ እንላለን። ስኂን ጋ ጠብቂኝ እንላለን። ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት፣ አሁን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ የሆነው፣ ስሙን ይዞ እስከ ዛሬ አለ። በዚህ ስም የምትጠራ ልጅ ግን አይቼ አላውቅም። ሰፈሬ ውስጥ የለችም። አብረውኝ ከተማሩት መካከልም አልነበረችም። የእህቴን ልጅ ለክትባት ስወስድ ስም ሲጠራ ሶሊያና፣ ሀያት፣ አርሴማ፣ ሂክማ፣ ኤልዳና እሰማለሁ። ስኂን ሲባል አልሰማሁም።

ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት። ሴት ናት ተብለናል። ስኂን እንበላት አልኳት፣ ወዲያው ወደደችው። አማቴ ግን ፊታቸው ጠቆረ። ልጅ እንዴት በትምህርት ቤት ስም ትጠራለች ነው ነገራቸው። እናቴ ደግሞ የትልቅ ሰው ስም ሕፃን ላይ ይከብዳል ብላ ትሰጋለች።

የማውቀውን ላስቀምጥ። ስኂን የግእዝ ቃል ነው። ነጭ ዕጣን ማለት ነው። ሰብአ ሰገል ይዘው የመጡት ስጦታ በግእዙ ወንጌል ወርቅ፣ ስኂንና ከርቤ ነው። እንዲህ ያለ ስም በር ላይ ብቻ ተጽፎ መቅረት የለበትም፣ ልጅ ሊጠራበት ይገባል ባይ ነኝ። እናንተስ? ስሙ ያላት ሰው ታውቃላችሁ? ልጅ ብትወልዱ ታወጡታላችሁ?

መልሶቹ

መልሱ በዝቶ ተደበላልቋል። አዲስ ለሚገባ ሰው እንዲመች እያጠቃለልኩ በተራ ቁጥር አስቀምጬዋለሁ። የጻፋችሁትን ቃል በቃል አልገለበጥኩም፣ ሐሳቡን ነው የያዝኩት። ያጎደልኩት ካለ ንገሩኝ።

1ኛ። ፒያሳ አካባቢ ያደገ ልጅ ነው። በሰላም ይገላግላት ብሎ መረቀን። እሱም ስሙ ያላት ሴት ገጥማው አታውቅም። ስሙ ግን አፍ ላይ ደስ ይላል፣ አጭር ነው፣ ለመጥራት አያስቸግርም ባይ ነው።

2ኛ። ከተንታ ወገን የሆነች እህት ናት። የአያቷ ታላቅ እህት ስኂን ይባሉ እንደነበር ነገረችን። ቤተሰቡ እምዬ ስኂን ይላቸው ነበር። እሳቸው ካለፉ በኋላ ከዘመዱ ማንም ስሙን ለልጁ አላወጣም። ለምን እንደሆነ ጠይቃ የሚመልስላት አላገኘችም። ስሙ ገጠር ውስጥ በሽማግሌዎች ዘንድ ይኖር እንደነበር ከዚህ መልስ ገባኝ።

3ኛ። ቸኮል ብሎ የጻፈ ወንድም ነው። ወይዘሮ ስኂን የልጅ ኢያሱ እናት መሆናቸውንና ትምህርት ቤቱም በዚያ ምክንያት እንደተሰየመ አስረግጦ ተናገረ።

4ኛ። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። በጨዋ አነጋገር አረሙት። የልጅ ኢያሱ እናት የምኒልክ ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋ ናቸው። ወይዘሮ ስኂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ናቸው። ስለዚህ ለኢያሱ በአባት በኩል እህቱ ናቸው፤ አባታቸው አንድ፣ እናታቸው የተለያየ። ወይዘሮ ስኂን ለአምባሰሉ ገዥ ለጃንጥራር አስፋው ተድረው በ1883 ዓ.ም. መነን የምትባል ልጅ ወለዱ። እቴጌ መነን እሳቸው ናቸው፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባለቤት። መምህሩ እዚህ ላይ አልቆሙም። ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው ሲወለዱ መሐመድ አሊ ይባሉ እንደነበር፣ አባታቸው ኢማም አሊ እንደሆኑ፣ ከቦሩ ሜዳው የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ በ1870 ዓ.ም. ሲጠመቁ አፄ ዮሐንስ የክርስትና አባት እንደሆኗቸው ዘረዘሩ። በ1906 ዓ.ም. ንጉሠ ወሎ ወትግሬ ተብለው ነገሡ፣ በ1909 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሰገሌ ተሸነፉ። የደሴ ልጅ ይህን ያለ ማንም እርዳታ መናገር አለበት ባይ ናቸው። እኔም እስማማለሁ። የግብር አዳራሹን አይጠየፍን በየቀኑ እያለፍነው ማን እንዳሠራው የማንናገር ብዙ ነን።

3ኛው ወንድም ተመልሶ መጥቶ አመሰገነ። እንዲህ ያለ ሰው ያኑርልን።

5ኛ። ነገሩን ወደ ዐረብኛ ወሰደው። በዐረብኛ ትኩስ፣ ሙቅ የሚለው ቃል ከስኂን ጋር ይመሳሰላል። የወሎ ኢማሞች ቤተሰብ ስለሆነም ስሙ ከዐረብኛ መምጣቱ የማይቀር ነው አለ። መከራከሪያው ንጹሕ ነው፣ ክፋት የለበትም።

6ኛ። እዚህ ላይ ሰው ተቆጣ። ቦሩ ሜዳ ቅኔ ቤት የቆየ ሰው ነው። ለ5ኛው የመለሰው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ግእዝና ዐረብኛ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ስለሆኑ ቃል መመሳሰሉ ብቻውን ከዚህ ወደዚያ ተወሰደ አያሰኝም። ሁለተኛ፣ ስኂን በግእዝ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በዕጣንነቱ ሲነበብ የኖረ ቃል ነው፣ ሌላ ቤት መፈለግ አያስፈልግም። ከዚያ ወደ አጻጻፉ ዞረ። ስህን፣ ስሂን፣ ስሒን እያሉ የሚጽፉትን ሁሉ ገሠጸ። ትክክለኛው በእሳቱ ሰ እና በብዙኃኑ ኀ ነው። በንጉሡ ሠ የሚጽፍ፣ በሐመሩ ሐ የሚጽፍ፣ በሃሌታው ሀ የሚጽፍ ሁሉ ተነካ። ቃሉ ሻካራ ነበር። የሚለው ግን ልክ ነው።

7ኛ። መዝገብ ቤት የሚሠራ ወንድም ነው። ለ6ኛው መልስ ሰጠ። ፊደል ማወቅ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን የልደት ምዝገባ መስኮት ላይ ወረፋ ይዞ የቆመ አባት ብዙኃኑ ኀ ብሎ ቢናገር ማን ይሰማዋል ነው ያለው። በኮምፒዩተር የሚጽፈው ሰው ቅርቡን ፊደል ይመታል። እሱ ራሱ ያንኑ ስም በሦስት ዓይነት ፊደል ተጽፎ ያየበት ጊዜ አለ፣ የአንዲት ሴት የልጅነት ሰነድ፣ የትምህርት ማስረጃና መታወቂያ ላይ። ለማስተካከል የፈጀባትን ምልልስ ያውቃል። ምክሩ ግልጽ ነው። ስሙን በወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሂዱ፣ አፍ አትመኑ።

8ኛ። ይኼ መልስ ነው የውይይቱን ክር የለወጠው። ስኂን ራሷ መጣች።

ኮምቦልቻ ነው የምትኖረው። ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። ስሙን ያወጡላት አያቷ ናቸው፣ የእናቷ አባት። ደሴ ተምረው ነበርና ትምህርት ቤቱን እጅግ ይወዱት ነበር። አማቴ የፈሩት ነገር እሷ ላይ በእውነት ደርሷል፤ በትምህርት ቤት ስም ነው የተጠራችው።

የጻፈችውን በዝርዝር ማስቀመጥ እፈልጋለሁ። አንደኛ ክፍል ስትገባ የክፍሏ ልጆች ወዲያው ሳህን አሏት። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሳህኗ መጣች እያሉ ይስቁ ነበር። አንዱ ልጅ እንዲያውም የምሳ ዕቃውን ክዳን አምጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠላት። ቤት ሄዳ አለቀሰች። አያቷ አልተቆጡም፣ ትምህርት ቤት ድረስም አልሄዱም። ከመደርደሪያው ላይ ዕጣን የሚቀመጥበትን ቆርቆሮ አወረዱ። ከውስጡ ትልልቁን ነጩን እየመረጡ መዳፏ ላይ አስቀመጡላት። አሽቺው አሏት። ከዚያ ፍም ላይ ጣል አደረጉትና ጭሱ ሲነሣ ስሟ ይኼ መሆኑን ነገሯት። ከዚያ በኋላ ሳህን ያላትን ልጅ ሁሉ ስኂን ምን እንደሆነ ታስረዳው ጀመር። አስተማሪዋም ክፍሉ ፊት አስነገረቻት። ስድቡ በዚያው ቀረ።

ደሴ ስትመጣ ሌላ ነገር ይገጥማታል። ስሟን ስትናገር ሰው ሳያስበው ወይዘሮ ብሎ ይቀጥላል። ገና ልጅ ሳለች ታክሲ ውስጥ ወይዘሮ ስኂን ተብላለች። አሁን ሦስት ልጆች ወልዳ፣ በእውነት ወይዘሮ ሆና፣ ስሙ ሞላልኝ ትላለች። አዲስ አበባ ሄዳ ስሟን ስትናገር ደግሞ የወሎ ሰው ካለ ወዲያው ይለያታል። የደሴ ልጅ ነሽ ብለው አቅፈው የሳሟት የማታውቃቸው ሴትዮ አሉ። እሳቸውም እዚያው ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው።

እኔ ይህን ለባለቤቴ አነበብኩላት። ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ ድጋሚ አንብብልኝ አለችኝ።

9ኛ እና 10ኛ። ሁለቱም ለ8ኛዋ ነው የጻፉት። አንዷ ልጆቿን ማን ብላ እንደሰየመች ጠየቀች። ሌላው ደግሞ በቁልምጫ ምን እንደምትባል። ስኂንዬ ነው መልሱ፣ አባቷ ግን ስኂኔ ይሏታል። ልጆቿን ከቤተ ዘመድ ስም ነው ያወጣችላቸው።

11ኛ። ከኮምቦልቻ የጻፈች ሙስሊም እናት ናት። ስሙን ወዳዋለች። ግን ከወንጌል ጋር የተያያዘ ስለሆነ ለእሷ ቤት ይሆን ይሆን የሚል ስጋት አላት። ባሏም ያንኑ ጠየቃት።

12ኛ። መልሱን የሰጠው የደሴ ሙስሊም ወንድም ነው፣ ከሁሉም መልስ ይህን ወደድኩት። በመጀመሪያ ስለ ጠረን ተናገረ። ሬይሃና የሚለው የብዙ ሙስሊም ሴቶች ስም መልካም ሽታ ካለው ተክል የመጣ ነው። አንበርም ሽቱ ነው። ክርስቲያኑ ደግሞ መዓዛ ይላል፣ ናርዶስ ይላል። ናርዶስ ከወንጌል የወጣ የሽቱ ስም ነው፣ ዛሬ በየክፍሉ አለ፣ ማንም አይደነቅበትም። ስኂን ከእነዚህ በምን ያንሳል? ከዚያ ወደ ወሎ ቤት ገባ። ወዳጃ፣ ማለትም የዱዓ ስብሰባ፣ ሲቀመጥ ዕጣን ይጨሳል። ቡና ሲፈላ ዕጣን ይጨሳል፣ አቦሉ ላይም በረካውም ላይ። ቤተ ክርስቲያንም ዕጣን ይጨሳል። ጭሱ ከማን ቤት እንደወጣ ማን ይለያል? እሱ የሴት ልጅ አባት ቢሆን ሳያቅማማ ያወጣው ነበር። የንጉሡ ልጅ አያትም ኢማም እንደነበሩ አስታወሰን፣ 4ኛውን መልስ እንድናነብ እየጠቆመ።

11ኛዋ ሦስት ጊዜ አመሰገነችው። ባሏን እንደምታናግር ጻፈች። እስካሁን አልተመለሰችም። እህቴ፣ የት ደረሰ ነገሩ?

13ኛ። ከዚህ ላይ ክሩ ወደ ዕጣን ገበያ ሸሸ። አንዲት እናት ዘንድሮ ገበያ ላይ የሚሸጠው ዕጣን ለምን እንደ ድሮው እንደማይሸት ጠየቀች። ነጭ ብላ የገዛችው ፍም ላይ ሲወድቅ የተቃጠለ ጎማ ይሸታታል።

14ኛ። በዕጣን ንግድ ውስጥ ያለፈ ሰው መለሰላት። ጥሩው ነጭ ዕጣን ከመተማና ከቋራ፣ ከምዕራብ ትግራይ፣ ከተከዜና ከዓባይ ሸለቆ ቆላ ነው የሚመጣው። ዛፉ በበጋ ቅርፊቱ በትንሹ ይላጣል፣ ነጭ ወተት ያወጣል፣ ያ ሲደርቅ ይለቀማል። ከዚያ በዚያው ቁስል ላይ እንደገና ይላጣል። ችግሩ ሳያሳርፉ ደጋግመው ሲልጡት ዛፉ ይደክማል፣ ዘሩም ያንሳል፣ የበቀለውንም ከብት ይበላዋል። ወጣት ዛፍ የማይታይበት የዕጣን ጫካ ብዙ ነው። ሲገዙ እህቶች እንዲያስተውሉ የመከረው፣ ጥሩው እንክብሉ ሲሰበር ውስጡ ጥርት ያለ ነው፣ ጭሱም ነጭ ነው። ሌላ ሙጫ የተደባለቀበት ጥቁር ጭስ ያወጣል። ሉባንጃ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፣ ከነጩ ዕጣን ጋር አታምታቱ ብሏል።

ከርዕሱ ወጣን ብዬ ላጠፋው ነበር፣ ተውኩት። ስሙ የዚሁ ዛፍ ሙጫ ስም አይደል?

15ኛ። ወጣት ነው መሰለኝ። በቁጣ ገባ። የመሳፍንት ሴት ልጅ ስም ለምን እናነሣለን፣ ድሃው ገበሬ ባሪያ ሆኖ በኖረበት ዘመን የተቀናጡ ሰዎችን ስም ልጆቻችን ላይ መለጠፍ ውርደት ነው ባይ ነው። ደሴ ስንት የድሃ እናት ስም አላት፣ እሱን አንሡ አለ።

16ኛ። 6ኛው የቅኔ ሰው ተመልሶ መጣ፣ ከበፊቱም የባሰ ተናዶ። ስሙ ከወይዘሮዋ በብዙ መቶ ዓመት እንደሚቀድም፣ እሳቸውም ከግእዙ እንደወሰዱት፣ ቃልን ለመኳንንት አሳልፎ መስጠት ራሱ አላዋቂነት መሆኑን ጻፈ። ሁለት ሦስት ስድብም ጨመረ። ስድቡን አጥፍቼዋለሁ።

17ኛ። እኔ ነኝ የመለስኩት። ለ15ኛው የጻፍኩለት በአጭሩ ይኼ ነው። ያነሣኸው ቁምነገር ነው፣ የገበሬው መከራ እውነት ነው። ግን 2ኛዋን መልስ አንብብ። የተንታዋ እምዬ ስኂን መኳንንት አልነበሩም። የኮምቦልቻዋ ስኂን ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። ስሙን ለመኳንንቱ ከተውንላቸው እኮ እነዚህን ሴቶች ነው የምንነጥቃቸው። ለ16ኛው ደግሞ እባክህ ቀስ በል አልኩት።

18ኛ። የዘመኑን ስሞች የሚጠላ ሰው መጣ። ሶሊያና፣ ኤልዳና፣ ምናምን እያሉ ትርጉሙን የማያውቁት ስም የሚያወጡ ወላጆች ማንነታቸውን የሸጡ ናቸው አለ። እንደ ስኂን ያለ የአገር ስም እያለ በማለት ነው የጀመረው፣ ስለዚህ ደጋፊዬ ነው ማለት ነው። ድጋፉን ግን በዚህ መንገድ አልፈልገውም።

19ኛ። የሶሊያና እናት ናት። መልሷ እንደ ምላጭ ስል ነበር። ልጇን ስሟን ስታወጣ ምን እንዳሰበች፣ ከማን ጋር እንደተማከረች፣ በምጥ ምን ያህል እንደተሰቃየች እሱ የት ያውቃል? ልጁን ያላጠባ ሰው የሰው ልጅ ስም አይተችም ብላ ዘጋችው። ሰባት ሰው ወዲያው ደገፋት። እኔም አንዱ ነኝ። ስኂንን ለማንሣት ሶሊያናን መጣል አያስፈልግም።

20ኛ። ከአዲስ አበባ የጻፈች የወሎ ልጅ ናት። ጥሩ ንጽጽር አመጣች። መነን የሚለው ስም እንዴት ሳይጠፋ ቆየ? ከወይዘሮ ስኂን ልጅ በፊት ሌላ እቴጌ መነን ነበሩ፣ የራስ አሊ እናት፣ የወሎው ኢማም ሊበን ልጅ። ስሙ በወሎ ቤት ሲወርድ ሲዋረድ ቆይቷል። ከዚያ በአዲስ አበባ እቴጌ መነን ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ስሙ በመላው አገር ታወቀ። መነን የሚባሉ ሴቶች ዛሬም አሉ። ስኂንም ትምህርት ቤት ላይ ተጽፏል። ለምን አንዱ ልጅ ላይ ቀረ፣ ሌላው በር ላይ ብቻ? የእሷ ግምት አጠራሩ ነው። መነንን ማንም ይጠራዋል። የስኂን መካከለኛዋ ድምፅ ግን በፈጣን ንግግር ትዋጣለች፣ ስን ትሆናለች ወይም ሳህን። እኔ በግምቷ ላይ አንድ እጨምራለሁ። ወይዘሮ የሚለው ማዕረግ ከስሙ ላይ ስላልተላቀቀ ሕፃን ላይ ለማውጣት ሰው ያፍራል። እናቴ የፈራችውም ይኼንኑ ነው። የሚገርመው፣ በቤተ መንግሥቱ ቤተሰብም ስሙ ቀጥሎ ነበር። ደሴ ላይ ወሎን ያስተዳድሩ የነበሩት የእቴጌ መነን ልጅ፣ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን፣ አንዷን ልጃቸውን ስኂን ብለዋታል።

21ኛ። አምባሰል ሲነሣ ዝም ማለት ያልቻለ ሰው ነው። ጃንጥራር የአምባሰል ገዥ ማዕረግ መሆኑን ካስረዳ በኋላ ወደ ቅኝቱ ሄደ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ከአራቱ ሁለቱ በወሎ አገር ስም የተጠሩ ናቸው ብሎ ኮራ።

22ኛ። ትዝታም የወሎ ነው የሚል ተነሣ። ከ22ኛ እስከ 26ኛ ያለው ሁሉ የቅኝት ክርክር ነው፣ አልጠቀልለውም። ራሱን የቻለ ክር ይከፈትለት።

27ኛ። የታሪክ መምህሩ ተመለሱ፣ እግዜር ይስጣቸው። ስለ ሌላ ብርቅ የወሎ ስም አነሡ፣ ወርቂት። የወረ ሂማኖዋ ወርቂት በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ስለ ልጃቸው የገዙ ሴት ናቸው። ልጃቸው መቅደላ ታስሮ ነበር። በ1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ እጃቸው ገባ። ይዘው ቢመልሱት ልጃቸውን ሊያስፈቱበት ይችሉ ነበር። ለቀቁት፣ ሸዋ ገባ። ቴዎድሮስ ልጃቸውን ገደለባቸው። መምህሩ ይህን ሲጽፉ ስለ ስም አይደለም ያወሩት፣ ስለ አንዲት እናት ነው። ከዚያ ግን ስሙን አያያዙት። ወርቂት ከወርቅ፣ ስኂን ከዕጣን። ሁለቱም የወሎ ሴቶች ስም፣ ሁለቱም ዛሬ ብዙ የማይወጡ።

28ኛ። አንዲት እህት ከርቤ የምትባልም ትኑር ይሆን ብላ ጠየቀች። 29ኛው ሰው ከርቤ መራራ ነው፣ ለልጅ አይወጣም አለ። እኔ ዝም አልኩ።

30ኛ። ልጁን በቅርቡ ክርስትና ያስነሣ አባት ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፣ አትጨናነቅ ብሎ አረጋጋኝ። ቤተሰብ ስም ላይ ሲጣላ እሱም አይቷል። መፍትሔው ሽማግሌ መላክ ሳይሆን አያቶቹን ስሙን አስጠርቶ ማለማመድ ነው። ልጅቱ ከመወለዷ በፊት በስሟ ጥሯት፣ ጆሯቸው ይልመደው።

ሞክረነዋል። እናቴ ስልክ ስትደውል ስኂን ደህና ናት ወይ ትለኛለች አሁን፣ ከባለቤቴ ጤንነት ቀድማ። አማቴ ጋ ደግሞ የ8ኛዋን መልስ ባለቤቴ አነበበችላቸው። የምሳ ዕቃ ክዳኑ ጋ ሲደርሱ ተቆጡ፣ አያትየው ዕጣኑን መዳፏ ላይ ያስቀመጡበት ጋ ሲደርሱ ግን ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። እሺ አላሉም። እምቢ ማለት ግን ትተዋል።

31ኛ። 15ኛው ወጣት ተመለሰ። የእምዬ ስኂንን ነገር ማንበቡንና በስሙ ላይ ተቃውሞ እንደሌለው ጻፈ። ስለ መሳፍንቱ ያለው አቋም ግን ያው ነው። ተገቢ ነው፣ አከብረዋለሁ።

32ኛ። 8ኛዋ፣ ስኂን ራሷ፣ መጨረሻ ላይ የጻፈችው ተግባራዊ ምክር ነው። እሷ በእንግሊዝኛ ፊደል ስሟ አንድ ማስረጃ ላይ በአንድ መልኩ፣ ፓስፖርቷ ላይ በሌላ መልኩ ተጽፎ ዐረብ አገር ልትሄድ ስትል ብዙ ተንገላታለች። የመጀመሪያው ስሕተት የጀመረው ክትባት ካርድ ላይ ነው። ነርሷ በሰማችው ጻፈች፣ ልደት ምዝገባው ከካርዱ ገለበጠ፣ ትምህርት ቤቱ ከልደቱ ገለበጠ። ስለዚህ አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም አንድ አድርጋችሁ አሁኑኑ ወስኑ፣ ወስናችሁም አትለውጡ ብላኛለች።

ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን ወሰንን። በእሳቱ ሰ፣ በብዙኃኑ ኀ። 6ኛው ወንድሜ ደስ ይበልህ። በእንግሊዝኛውም አንዱን መርጠን ጻፍነው። የክትባት ካርዱን ሲሰጡን ነርሷ እስክትጽፍ አልጠብቅም፣ እስክሪብቶ ለምኜ ስሙን ራሴ እጽፈዋለሁ ብዬ መለስኩላት።